በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ልጅ

«አልቀበልም አለ» አለች ሊድያ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

አባቷ እንድርያስ ከጎኗ፣ ከተቀመጠበት የፕላስቲክ በርጩማ ላይ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየ። እንግሊዝኛው የሚገባው ይመስል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰማያዊ የፋብሪካ ቱታውን እንደለበሰ ነው የመጣው፤ አለቃው የፈቀደለት ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ልብስ የመቀየሪያ ጊዜ አላገኘም።

«አሁንስ ምን አጥፍታችኋል ይላል?»

«ያው ነው አባዬ። ፎቶዎቹ አይመሳሰሉም። ቅድም በስልክህ ያነሳሁህ ሰውዬና ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ልጅ አንድ ሰው አይደሉም ነው የሚለው።»

«ያኔ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ በይው።»

«ለማን ልበለው? ማሽን እኮ ነው።»

ከኮፒ ማሽኑ ኋላ የቆመችው ኢልሀም ሳቀች። ቤቱ የእሷ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ በሁለት መድኃኒት ቤቶች መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽንና የጉርድ ፎቶ ማንሻ ነጭ መጋረጃ ያላት ጠባብ ቤት ናት። ሊድያ እዚህ ከተቀጠረች አራት ዓመቷ ነው። የሰው ፎርም ስትሞላ፣ የደበዘዘ ፎቶ ስታጠራ፣ የተቀደደ ሰነድ ስትጠጋግን ትውላለች። እሷ እጅ ገብቶ ያልተስተካከለ ወረቀት የለም እየተባለ ከሪፈር ወረቀት እስከ ጋብቻ ሰርተፊኬት ይመጣላታል። ዛሬ ግን የገዛ አባቷ ወረቀት አስቸገራት።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እንድርያስ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት የመኮሮኒ ፋብሪካ አዲስ ማሽን አስገብቷል። ማድረቂያ ክፍሉን ከእንግዲህ የሚቆጣጠረው ሰው ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ፍሪጅ የሚያህል ሳጥን ነው። ከሠላሳ አንድ ኦፕሬተሮች ዘጠኙ ብቻ ከሳጥኑ ጋር ይቀራሉ፤ እነሱም በኢንተርኔት የሚሰጠውን የስድስት ወር የኢንዱስትሪ አውቶሜሽን ሥልጠና የሚወስዱት ናቸው። የቀሩት ወይ ጭነት ክፍል፣ ወይ ቤታቸው። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የኢልሀም የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል።

እንድርያስ ደግሞ ሥልጠናውን ለእንጀራው ብቻ ብሎ አልነበረም የፈለገው። መኮሮኒ ቶሎ ከደረቀ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። እሱ ከማድረቂያው በር ላይ አንዷን አንስቶ፣ ጆሮው ሥር ሰብሮ፣ በድምጿ ብቻ ስንት ሰዓት እንደቀራት የሚናገር ሰው ነው። ማሽኑን የተከሉት መሐንዲሶች «ሴንሰር» የሚሉትን ነገር ሲያሳዩት «ይሄማ የኔ ጆሮ ነው» ብሎ አስቋቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥልጠናውን የናሙና ቪዲዮ ታክሲ ውስጥ ሆኖ አስራ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ ሽፋኑ ላይ «አውቶሜሽን» ብሎ ጽፎበታል። በአርባ ስድስት ዓመቱ ተማሪ ሊሆን ነው እያሉ እቤት ሲቀልዱበት ሰንብተዋል፤ እሱም ቀልዱን ወዶት ነበር።

ሰርተፊኬቱን አባቷ ከያዘው ፌስታል ውስጥ ፈልጋ ያወጣችው ራሷ ሊድያ ነበረች። «የግድ ነው?» ብሏት ነበር ስታወጣው። «ከተጠየቀ የግድ ነዋ» አለችው ሳታጣራ። ፎርሙ ላይ «የትምህርት ማስረጃ» የሚል ሳጥን አለ፤ ሳጥን ካለ ደግሞ ይሞላል። የቀበሌ ደጅ ሲጠና የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ባዶ ሳጥን አይቶ አያልፍም። አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ «ሰኞ ተመለስ» መባልን ያውቀዋልና የተጠየቀውንም ያልተጠየቀውንም ከነኮፒው ይዞ ነው የሚዞረው።

«ማኅተሙ ነው ያበላሸው» አለች ሊድያ። «ግማሽ አገጭህን በልቶታል። ቆይ፣ ላጥራውና እንደገና እልከዋለሁ።»

ሰርተፊኬቱን እንደገና ስካን አድርጋ በፎቶ ማስተካከያው ከፈተችው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ በግራ በኩል ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበታል። ፎቶውን አጎላችው። ማኅተሙን ቀስ እያለች አደበዘዘችው፤ ግንባሩ ላይ ያለፈውን የእጥፋት መስመር አጠፋች፤ ጨለማውን ገለጥ አደረገችው። ልጁ ከወረቀቱ ውስጥ እየወጣ መጣ። ቀጭን ፊት፣ ገባ ያሉ ዓይኖች፣ ሊገናኙ ጥቂት የቀራቸው ወፍራም ቅንድቦች።

ሊድያ እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች።

የአባቷ ግራ ቅንድብ መሀሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። በሰባት ዓመቱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ነው። ልጅ ሆና ጭኑ ላይ ተቀምጣ፣ ጠባሳውን በጣቷ እየተከተለች «እዚህ ጋ መንገድ አለ» ስትለው ነው ያደገችው። የዚህ ልጅ ቅንድብ ግን ደህና ነው። መጀመሪያ ራሷ ስታጠራ ያጠፋችው መሰላት። ደንግጣ የሠራችውን ሁሉ ወደ ኋላ መለሰችው። ማኅተሙ ተመለሰ፤ የእጥፋቱ መስመር ተመለሰ፤ ጠባሳው ግን አልተመለሰም። መጀመሪያውኑ አልነበረም።

«አባዬ…»

«እ?»

«ቅንድብህ የተቆረጠው በሰባት ዓመትህ ነው አይደል?»

እንድርያስ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ፌስታል ማጠፍ ጀመረ።

«ይሄ ልጅ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው» አለች ሊድያ። «ቅንድቡ ደህና ነው።»

«ዝጊው።»

«ማነው ይሄ?»

«ሊድያ፣ ሰው እየሰማ ነው። ዝጊው ብዬሻለሁ።»

«ማነው ይሄ ልጅ አባዬ?»

«እንድርያስ ነው» አለ።

ሊድያ አልገባትም። ስክሪኑን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች። 

«አንተስ?» አለችው።

አባቷ ከበርጩማው ተነስቶ ወጣ።

ተከትላው ስትወጣ ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሞ አገኘችው። በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው በመሀላቸው ያልፋሉ። አንድ የታክሲ ረዳት «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» እያለ ይጮሃል። አባቷ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ነበር የሚናገረው።

«መዝገቡ ነው ስሜ።»

«የማን ስም?»

«የኔ። መዝገቡ ዘለቀ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር፤ አባቷ ቀልድ ያውቃል። አሁን ግን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ እጆቹን የሚያሳርፍበት አጥቶ አንዴ ቱታው ኪስ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። ሊድያ በሕይወቷ አባቷን ፈርቶ አይታው አታውቅም። ከስሙ ይልቅ መጀመሪያ ያስደነገጣት ይህ ፍርሃቱ ነው።

«እንድርያስ የእማማ ደሳለች ልጅ ነው» አለ፣ ሊድያ አያቴ የምትላትን ሴት ጠርቶ። «አንድ ልጇ። እኔ ከሰላሌ የመጣሁት በአስራ ሁለት ዓመቴ ነው። እማማ ያኔ ሽሮ ሜዳ ነበር የምትኖረው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ አይታኝ እቤቷ አስገባችኝ። ከእንድርያስ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። እሱ ተማረ፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ፋብሪካው ማስታወቂያ አወጣ፤ እሱ ተፈተነና አለፈ። ጥሪ እየጠበቀ እያለ የሳንባ ምች ያዘው። ዘጠኝ ቀን ነው የታመመው፣ በቃ። የቅጥር ደብዳቤው የመጣው በአርባው ዋዜማ ነው።» ትንፋሹን ሳበ። «እማማ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ የሱን ኮት ከሳጥን አውጥታ አለበሰችኝ። ‹ነገ ትሄዳለህ፤ ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ሰው ይኑር› አለችኝ። ልጇን ቀብራ አርባ ቀን ያልሞላትን ሴት እንዴት እንቢ እላታለሁ?»

ለአንድ ወር ብቻ ነበር የታሰበው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ወሩ ቋሚ ቅጥር ሆነ፤ ቋሚ ቅጥሩ የጡረታ ቁጥር አመጣ። የሚያውቃቸው ሰው እንዳይኖር ከሽሮ ሜዳ ወደ ቀጨኔ ቤት ቀየሩ፤ የቀጨኔው ቀበሌም በእንድርያስ ስም መታወቂያ ሰጠው። ከዚያ የሊድያን እናት ሙሉእመቤትን አገባ። ከዚያ ሊድያ ተወለደች፤ የሞተ ልጅ ስም የአባት ስም ሆኖ ተጻፈላት።

«ስለዚህ እማማ…» አለች ሊድያ። «እማማ እናትህ አይደለችም?»

«ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ!»

አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ተማሪ ዞር ብላ አየቻቸውና አለፈች። ሊድያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እቤታቸው ሙት ዓመት ይዘከራል። ዳቦ ተቆርሶ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን ይታደላል፤ ካህኑ «ኃይለ ጊዮርጊስ» ብለው ይጸልያሉ። ኃይለ ጊዮርጊስ የወንድ አያቷ የክርስትና ስም ነው ተብላ ነው ያደገችው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያንን ዳቦ በእጇ አድላለች።

«ኃይለ ጊዮርጊስ ማነው?» አለች።

«እሱ ነው» አለ አባቷ። «በዓለም ስሙ ሊዘከር አይችልማ። በክርስትና ስሙ ግን ማንም አይጠይቅም።»

ሊድያ ደነገጠች ማለት ያንሳል። መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። አያት የላትም፤ አያት ነው ስትለው የኖረችው የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ አባቷ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

«እማዬስ ታውቃለች?»

አባቷ የቱታውን እጅጌ ሰበሰበ።

«ሃያ አምስት ዓመት አብራህ ስትኖር እማዬ አታውቅም?»

«በቤተ ክርስቲያን ነው የተጋባነው» አለ ፈጠን ብሎ፣ ይህችን መልስ ለዓመታት አዘጋጅቶ እንዳስቀመጠ ሰው። «ቄሱ የጠሩኝ በክርስትና ስሜ ነው። ገብረ ማርያም። እሱ የራሴ ነው። እግዚአብሔር ፊት አልዋሸሁም።»

ሊድያ ሳቋ አመለጣት። የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም። «እግዚአብሔርንማ ማን ይዋሸዋል» አለች። «የዋሸኸው እማዬን ነው። እኔን ነው። አሁን እኔ ማነኝ? ሊድያ መዝገቡ?»

ስሙን በአፏ ስታሰማው፣ ፎርም ልታስሞላ የመጣች የማታውቃት ደንበኛ ስም መሰላት።

የአባቷ ስልክ ጮኸ። ያነሳው ደንግጦ ነው። የሚደውለው አክሊል ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ የሥልጠናውን ምዝገባ የሚከታተለው ወጣት። ድምፁ ለሊድያም ይሰማል።

«ጋሽ እንድርያስ?»

«አቤት።»

ይህንን «አቤት» ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። አሁን ግን በማን ቦታ እንደሚባል አወቀች።

«የት ደረሱ? ከዘጠኙ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚዘጋው፤ እኔ ልከፍትልዎት አልችልም። የማይሆን ከሆነ ተጠባባቂው ይግባ።»

«አይ፣ አይግባ! እየሞላሁ ነው። ልጄ ዘንድ ነኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አባቷ ድምፁን ቀንሶ፣ ፊቷን ሳያይ ተናገረ።

«ሊድዬ፣ ፎቶውን ቀይሪልኝ።»

«ምን?»

«እቤት የወጣትነት ፎቶዬ አለ፤ ስልክሽም ላይ አንስተሽ አስቀምጠሽዋል። እሱን ከማኅተሙ ሥር አስገቢው። አንቺ እጅ ላይ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ይመሰክርልሻል።»

ሊድያ አፏን ከፍታ አየችው። እስካሁን የሰማችው ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ እሷ ሳትወለድ ሌሎች ያደረጉት። ይህ ግን ዛሬ፣ በእሷ እጅ የሚደረግ ነው።

«አባዬ፣ ፎርጅድ ሥሪልኝ እያልከኝ ነው። ያስራል እኮ። ኢልሀምንም ያስዘጋታል።»

«አውቃለሁ።»

«አምና በሐሰተኛ ማስረጃ ሦስት ሰው ከፋብሪካችሁ ተባረረ ብለህ የነገርከን አንተ ነህ።»

«የነሱ ሰርተፊኬት ሐሰተኛ ነበር። የኔ ሰርተፊኬት እውነተኛ ነው።»

«ሰውየው ነዋ ሐሰተኛው!»

ከአፏ እንደወጣ ቆጫት። አባቷ ግን አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነሽ እንደ ማለት። ቆይቶ፣ «ሥራው ግን የኔ ነው» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ማድረቂያ በር ላይ የቆመው እንድርያስ አይደለም። መኮሮኒዋ ስትሰነጠቅ የሰማኋት በራሴ ጆሮ ነው። አሁን እውነቱን ብናገር ሥራውም፣ ጡረታውም፣ ሁሉም ገደል ነው። ሥልጠናውን ግን… ማለቴ፣ እሱን ብቻ በራሴ ጭንቅላት ልማረው ፈልጌ ነበር። የሌላ ሰው ያልሆነ አንድ ነገር።»

ሊድያ ተነስታ ገባች።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ልጁ አሁንም ስክሪኑን ሞልቶ ያያታል። ከስልኳ የአባቷን የወጣትነት ፎቶ አውጥታ ከጎኑ ከፈተችው። እውነትም ቀላል ነው፤ ከዚህ የባሰ ስንት ሠርታለች። የልጁን ፊት ዙሪያውን መረጠችው። የተሰባበረች ነጭ መስመር ጆሮውን፣ ፀጉሩን፣ አገጩን ከበበችው። አንድ ቁልፍ ከተጫነች ይጠፋል፤ ቦታው ነጭ ይሆናል። ስሙን ሰጥቷል፣ ኮቱን ሰጥቷል፣ ሥራውን ሰጥቷል። በዚህ ዓለም ላይ የቀረችው የራሱ ነገር ይህች ወረቀት ላይ ያለች ፊቱ ብቻ ናት። ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳረፈ ቀረ። አልቻለችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን እሷም አላወቀችውም።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ኢልሀም፣ ኮፒ የተደረጉ ወረቀቶች እያደራረበች መጥታ። ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። የሊድያን ፊት አላየችም። «እስካሁን ከዚች ሰርተፊኬት ጋር ነው የምትታገይው? ፎርሙን ክፈቺው እስቲ።»

ሊድያ እንደ ሕልም ፎርሙን ከፈተችው።

«ይኸው! ቀይ ኮከብ የታለው?»

«የቱ?»

«ይሄ የትምህርት ማስረጃ የሚለው። ስም ላይ ቀይ ኮከብ አለ፤ መታወቂያ ላይ አለ፤ ስልክ ላይ አለ። እዚህ ላይ የለም። የግድ አይደለም ማለት ነው። ላለው ሰው ነው። አጥፊና እለፊው፤ መታወቂያው እንደሆነ ቅድም አልፏል።»

ሊድያ አፍጥጣ አየች። እውነት ነው። ኮከብ የለም። በቀን ሃምሳ ፎርም የምትሞላ ልጅ፣ ሰው ሁሉ የሚመሰክርላት ልጅ፣ የአባቷ ወረቀት እንዳይጎድል ብላ፣ ባዶ ቢተው ማንም የማይጠይቀውን ሳጥን ሞላችው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን። «የግድ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አይደለም ብትለው ኖሮ ፎርሙ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ አባቷም እንድርያስ እንደሆነ ይቀር ነበር።

ፋይሉን አጠፋችው። ቀይ የነበረው ጽሑፍ አረንጓዴ ሆነ። ገጹ ተቀየረና የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀ።

«አባዬ!» ብላ ተጣራች። እንዴት እንደጠራችው ለራሷም ገረማት፤ ይህኛው ስም አልተለወጠም።

አባቷ በሩ ላይ ቆመ። ፎርሙ እስኪላክ ድረስ የአመልካቹ ስልክ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲያያዝ ገጹ ስለሚጠይቅ ስልኩን ተቀብላ በገመድ አገናኘችው፤ ቁጥሩ መጣ፤ አስገባችው። የመጨረሻው ገጽ ተከፈተ። ስም፣ እንድርያስ። ድርጅት፣ የመኮሮኒ ፋብሪካው። ሥልጠና፣ የኢንዱስትሪ አውቶሜሽን። ከሥሩ «ላክ» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ።

«ፎቶውን… ቀየርሽው?» አለ በሹክሹክታ።

«አልቀየርኩትም። ሰርተፊኬቱ የግድ አልነበረም። ኮከብ የለውም።»

«የምን ኮከብ?»

አሳየችው። ሲገባው ጊዜ ወሰደ። ከዚያ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። «አልነበረም?» አለ። «በከንቱ ነው የነገርኩሽ?» ፊቱ ላይ ያየችውን አትረሳውም። የደነገጠ ብቻ አይደለም፤ የተዘረፈ ሰው ፊት ነው። ቀስ ብሎ ግን ትከሻው ረገብ አለ። የግድግዳው ሰዓት ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ይላል።

«በይ ላኪዋ» አለ። «ይኸው ቀለለ።»

ሊድያ እጇን ከማውዙ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«አልልክም።»

«ሊድያ!»

«እማዬ ሳታውቅ አልልክም። እኔ አውቄ፣ ማታ እራት ስታቀርብልን ‹እንድርያስ፣ ጨው አነሰው እንዴ?› ስትልህ ቁጭ ብዬ ላያት ነው? እኔን ሦስተኛ ልታደርገኝ ነው፤ አንተ፣ እማማ፣ ከዚያ እኔ።»

«ማታ እነግራታለሁ። በመድኃኔ ዓለም።»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እቤት ነበርክ አባዬ።»

እንድርያስ ሰዓቱን አየ። «ተጠባባቂው ይገባል እኮ። ሃያ ደቂቃ ነው ያለን።»

«ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አሁን ደውልላት። እሷ ላኩት ካለች እልከዋለሁ። ተዉት ካለች እተወዋለሁ። የሷም ቤት ነው፤ አንተ ብትታሰር ስንቅ የምታመላልሰው እሷ ናት።»

ኮፒ ማሽኑ ይሠራል፤ አንድ ሽማግሌ የኤክስሬይ ፖስታ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሊድያ ዓይኗን ከአባቷ ላይ አላነሳችም። ተነስቶ ይወጣል ብላ ፈራች። ወይም ራሱ እጁን ዘርግቶ ሰማያዊውን ቁልፍ ይጫነዋል፤ ቁልፉ ከጣቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። እጁን ዘረጋም። የዘረጋው ግን ወደ ስልኩ ነበር። ስልኩ ከገመዱ ጋር ታስሯል፤ ከነቀለው ገጹ ይዘጋል። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ካርድ አልቆብዎት ከሆነ በኔ ይደውሉ ጋሽ እንድርያስ» አለች ኢልሀም፣ ስልኳን በባንኮኒው ላይ እየገፋችለት። ከተባለው ሁሉ የሰማችው መደወል የሚለውን ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አለና ተቀበላት።

የሙሉእመቤትን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። እየደጋገመ እያየ ጫነው። ወደ ውጭ አልወጣም፤ ነጩ የፎቶ መጋረጃ ፊት ቆመ። ሙሉእመቤት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ናት፤ ስልኩ ሲነሳ የልጆች ጫጫታ እስከ ሊድያ ድረስ ተሰማ።

«ሄሎ?»

አባቷ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

«ሄሎ? አይሰማም። ማን ልበል?»

እንድርያስ ሊድያን አያት። የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ ሚስቱ በእንግዳ ሰው ድምፅ፣ በትህትና ነበር የምትጠይቀው። ጫጫታውን ሸሽታ ወደ ደጅ መውጣቷ ይሰማል፤ በር ተዘጋ፤ ጸጥ አለ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም ነበር» አለች። «ማን ልበል?»

«መዝገቡ እባላለሁ» አለ፤ ስልኩንም በሁለት እጁ ይዞ መልሷን ጠበቀ።